ጊር ቦክሱ ሲያቃጥል ዘይቱን ከመለወጣችሁ በፊት ጥርሱን እዩት

በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ባሕር ዳር ሙቀቷ ሲበረታ፣ የኑግ መጭመቂያ ያላቸው ሰዎች ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጊር ቦክሱ እጅ አያስነካም፤ ዘይቱን ከ90 ወደ 140 ብለውጠው ይሻለኛል?» (90 እና 140 የዘይት ውፍረት ቁጥሮች ናቸው።) መልሴ ብዙ ጊዜ «አይሻልህም፤ መጀመሪያ ክፈተውና ጥርሱን እይ» ነው። ዘይት ሙቀቱን ተሸክሞ ያወጣል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ምንጩ በዲናሞው ታርጋ ላይ ያልተጻፈ ጫና ነው። ታርጋው 7.5 ኪሎ ዋት ይላል፤ ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ግን ከዚያ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በቁጥር ካልታየ ወሬ ሆኖ ይቀራልና አንድ ጥንድ ቀጥ ጥርስ ጊር፣ ማለትም ስፐር ጊር፣ እንያዝ። ዲናሞው 7.5 ኪሎ ዋት፣ በደቂቃ 1440 ዙር። ፒኒየኑ፣ ማለትም ትንሹ ጊር፣ 20 ጥርስ፣ ትልቁ ጊር 60 ጥርስ፣ ሞጁሉ (የጥርሱን መጠን የሚናገረው ቁጥር) 4፣ የጥርሱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር። የፒኒየኑ ፒች ክብ (ሁለቱ ጊሮች የሚገናኙበት ሐሳባዊ ክብ) ዲያሜትሩ 80፣ የትልቁ 240 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለቱ አክሲስ መካከል ያለው ርቀት 160 ሚሊ ሜትር። ፒች ክቡ ላይ ጥርሱ በሴኮንድ 6 ሜትር ይሮጣል። 7500 ዋትን ለዚህ ፍጥነት ስናካፍለው 1244 ኒውተን ይወጣል፤ ይህ የ127 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ለብረት ጥርስ ቀላል ሸክም ነው። ጊሩ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ይሠራ ነበር።

ግን ፍጹም አይደለም። በ1244 ኒውተን የተገፋ ጥርስ የሚታጠፈው 2 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በፍሬዛ (ጥርሱን አንድ በአንድ በሚቆርጥ ማሽን) የተቆረጠ ጥርስ የአቀማመጥ ስሕተት ግን በቀላሉ 30 ማይክሮን ይደርሳል። ስሕተቱ ከመታጠፉ አሥራ አምስት ጊዜ ሲበልጥ ጥርሶቹ ተጠባብቀው መሄድ አይችሉም፤ ይለያያሉ፣ ተመልሰውም ይጋጫሉ። ዳይናሚክ ሎድ የሚባለው ይኸው ግጭት ነው። ቀላል ሸክም የተሸከመ መጥፎ ጊር ከባድ ከተሸከመው ይልቅ የሚጮኸውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ ጊቢ (የኢንጂነሪንግ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ) ማሽን ዲዛይን የተማረ ሰው የባርዝን ማባዣ ያስታውሰዋል። ዊልፍሬድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1892 ጥርሱን በአንድ ጫፉ እንደተቀበረ አጭር አግዳሚ ቆጥሮ የመታጠፍ ስሌቱን ሲያወጣ፣ ካርል ባርዝ ደግሞ ፍጥነት የሚጨምረውን ጫና በማባዣ አስገባው። በሴኮንድ 6 ሜትር ላይ በቅልጥ የተሠራ፣ ያልተቆረጠ ጥርስ ማባዣው 3 ገደማ ነው። በፍሬዛ የተቆረጠ 2፣ በሆብ (ጥርሶቹን ያለማቋረጥ እያዞረ በሚቆርጥ ቢላ) የተቆረጠ 1.7፣ ተቆርጦ በድንጋይ የተሞረደ 1.2። እንግዲህ ያው 127 ኪሎ በቅልጡ ላይ 380 ኪሎ፣ በፍሬዛው ላይ 250 ኪሎ፣ በሞረዱ ላይ 150 ኪሎ ይሆናል። እነዚህ ማባዣዎች ግምት ናቸው፤ ዛሬ በዓለም አቀፉ የጊር ስሌት ደረጃ በአይኤስኦ 6336 መሠረት የሚሠራ ሰው ጫናውን በየምንጩ ነጣጥሎ ይቆጥራል። የቶርኖ ቤት ውሳኔ ለመወሰን ግን ይበቃሉ።

ስለ ቶርኖ ቤት ካነሳን፣ እዚህ ከተማ ጊር የሚቆረጠው በአብዛኛው በዲቪዥን (ጊሩን በእኩል ክፍል እያዞረ በሚያቆም መሣሪያ) እና በሞጁል ፍሬዛ ነው። ለአንድ ሞጁል የሚሸጠው የ8 ቢላዎች ስብስብ ነው፤ 17 እስከ 20 ጥርስ በ3 ቁጥር፣ 55 እስከ 134 ጥርስ በ7 ቁጥር ይቆረጣል። የቢላው ቅርጽ ልክ የሚሆነው ለክልሉ ትንሹ ቁጥር ነው። ስለዚህ ባለ 20 ጥርሱ ፒኒየን የባለ 17ን ቅርጽ ይዞ ይወጣል፤ ጫፉ ትንሽ ይሳሳል። ይህ ብዙም አያስከፋም፤ የሳሳ ጫፍ ከወፈረው ይሻላል፣ የመግቢያውን ምት ያለዝባልና። የሚያስከፋው የቀዳዳ ቆጠራ ስሕተት ነው። በ40 ለ1 ዲቪዥን ባለ 20 ጥርስ በየጥርሱ 2 ሙሉ ዙር ነው፤ ለመሳሳት አስቸጋሪ ነው። ባለ 60ው ግን የዙር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ በባለ 21 ቀዳዳው ክብ ላይ 14 ቀዳዳ መቁጠር ያስፈልጋል። አንዴ 13 ወይም 15 ከተቆጠረ አንድ ጥርስ ቀጥኖ ሌላው ይወፍራል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ የትልቁ ጊር ዙር፣ ማለትም በሴኮንድ 8 ጊዜ፣ አንድ ምት አለ። ጆሮ ይለየዋል። የጥርሶቹ የተለመደ ፉጨት በሴኮንድ 480 ንዝረት ስለሆነ ቀጭን ድምፅ ነው፤ በውስጡ «ጓ ጓ ጓ» የሚል ከተሰማ አንድ ጥርስ ተበላሽቷል። የተሰበረ ጥርስ በኤሌክትሮድ ተሞልቶ በሞረድ ሲስተካከልም ውጤቱ ያው ነው። በእጅ ለሚዞር ማሽን ይሁን፤ በሴኮንድ 6 ሜትር ለሚሮጥ ጥርስ ግን እኔ አልመክርም።

ሁለቱንም ጊሮች አዲስ የሚያስቆርጥ ሰው 20 እና 60 መያዝ የለበትም። 60 በ20 እኩል ስለሚካፈል አንድ የፒኒየን ጥርስ ዕድሜ ልኩን የሚያገኘው ያንኑ ሦስት ጥርስ ነው፤ አንዱ ቢጎዳ ጉዳቱን እነዚያኑ ላይ ሲያትም ይኖራል። 21 እና 59 ድምራቸው ያው 80 ስለሆነ የ160 ሚሊ ሜትሩ ርቀት አይነካም፤ እያንዳንዱ ጥርስም ሁሉንም ያዳርሳል። ባለ 59 ቀዳዳ ሳህን ያለው ዲቪዥን መኖሩን ብቻ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። የጥርስ ፊት ሙቀት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መላ ጊሩና ዘይቱ የሚይዙት፣ ቀስ ብሎ የሚወጣውና የሚወርደው ሙቀት ነው፤ እጃችን የሚያውቀው ይህን ነው። ሁለተኛው ሁለቱ ጥርሶች በተነካኩባት ቅጽበት ፊታቸው ላይ የሚፈጠረው የብልጭታ ሙቀት ነው። ይህን ኔዘርላንዳዊው ሃርመን ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1937 በስሌት አስቀመጠው። በያዝነው ጥንድ ላይ የመነካኪያው መስመር ስፋት 0.07 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አንዷ የፒኒየን ነጥብ በውስጡ የምትቆየው ከሴኮንድ አንድ ሰባት ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ወደ ብረቱ የሚጠልቀውም 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የትኛውም የገበያ ቴርሞሜትር አያየውም፤ የሚታየው ትቶት የሄደው ጠባሳ ነው።

ብልጭታው የሚመጣው ከመፋተግ ነው። ጥርሶች ፒች መስመሩ ላይ ሲገናኙ ይንከባለላሉ እንጂ አይፋተጉም፤ እዚያ ብልጭታው ዜሮ ነው። ከፒች መስመሩ በራቁ ቁጥር ፍትጊያው ያድጋል። በዚህ ጥንድ ከሁሉ የሚብሰው የትልቁ ጊር ጫፍ የፒኒየኑን ሥር ሲነካ ነው፤ ፍትጊያው በሴኮንድ 2.1 ሜትር ይደርሳል። የፒኒየኑ ጫፍ ሲወጣ ደግሞ 1.85 ሜትር ነው። ፒኒየኑ በሴኮንድ 24 ጊዜ ሲነካ የትልቁ ጥርስ 8 ጊዜ ብቻ ስለሚነካ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞቀውም፣ ቀድሞ የሚያልቀውም ፒኒየኑ ነው።

ስሌቱን ልጨርሰው። ዳይናሚክ ጫናው ባይኖር በዚያች መጥፎ ነጥብ ላይ ብልጭታው 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፍሬዛው ማባዣ 2 ሲገባ 20 ዲግሪ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይገረማል፤ የጊር ጥርስ «ይቃጠላል» ሲባል የሚጠብቀው መቶዎችን ነውና። ጊሩ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ አይደርስም። ካጋደለ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ40 ሚሊ ሜትሩ ስፋት ላይ ሁለቱ ጥርሶች 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጣመሙ፣ ጥርሱ የሚታጠፈው 2 ማይክሮን ስለሆነ ክፍተቱን መዝጋት አይችልም፤ የሚነካካው 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህሉ ብቻ ነው። መላው ጫና ከሩብ ትንሽ በሚበልጥ ቦታ ላይ ይከመራል። ብልጭታው ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ይዘላል። በዚያ ላይ ዘይቱ ቀጥኖ ብረት በብረት መፋተግ ከጀመረና የፍትጊያው መጠን ከ0.06 ወደ 0.12 ካደገ 110 ዲግሪ ይሆናል። ይህን በ77 ዲግሪው ዘይት ላይ ደምሩት፦ 187። ተራ ማዕድን ዘይት ጥርስን ከመላላጥ መጠበቅ የሚያቅተው በዚህ አካባቢ ነው፤ በ200 ዲግሪ ቴምፐር የተደረገ (ከተጠነከረ በኋላ በልክ የተሞቀ) ጥርስም ጥንካሬውን መልቀቅ የሚጀምርበት ደጃፍ ነው። 0.04 ሚሊ ሜትር ከፀጉር ይቀጥናል። አንድ ያለቀ ኩሽኔታ ከዚያ በላይ ይሰጣችኋል።

77 ዲግሪው ከየት መጣ? ጥንዱ ከሚያስተላልፈው ኃይል አንድ ተኩል በመቶ ያህል፣ ማለትም 110 ዋት፣ በጥርሱ ፍትጊያ ይጠፋል። ኩሽኔታው፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) እና ዘይት መናጡ ሲጨመር 200 ዋት እንበለው። የሳጥኑ ውጫዊ ገጽ 0.3 ካሬ ሜትር ከሆነ በባሕር ጠለል ላይ ከአየሩ በ44 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። እኛ ግን 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው የሚከብደው፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። 44ቱ 49 ይሆናል፤ በ28 ዲግሪ ቀን 77። የጊር ቦክስ ካታሎግ ላይ ያለው የሙቀት አቅም ብዙ ጊዜ ለ20 ዲግሪ አየርና ለዝቅተኛ ከፍታ የተጻፈ ስለሆነ፣ «ካታሎጉ 7.5 ይችላል ይላል» ማለት ጣና ዳር ላይ ማስረጃ አይሆንም። ዲናሞውም ቢሆን በተለምዶ እስከ 1000 ሜትር ነው ሙሉ አቅሙ የሚቆጠረው።

የኑግ መጭመቂያ ሁለት ተጨማሪ ጣጣ አለው። የመጭመቂያው በርሜል ራሱ ይግላል፤ ሙቀቱም በአክሲሱ በኩል ወደ ጊር ቦክሱ ይሄዳል። ከዚያ የኑጉ ገለባና አቧራ ከሚፈናጠቀው ዘይት ጋር ተለውሶ ሳጥኑ ላይ ይጋገራል። የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ቅርፊት በክንፎቹ መካከል ሞልቶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ የተቀመጠበት ጊር ቦክስ ብርድ ልብስ ለብሶ እየሠራ ነው። በእንጨት ፍቁት፣ በጨርቅና በጋዝ እጠቡት። በበርሜሉና በጊር ቦክሱ መካከል የላሜራ መከለያ አቁሙ፤ ለሁለቱም ሳይነካ፣ አየር የሚያልፍበት የሦስት ጣት ክፍተት ተትቶ።

መለካት እንዴት ነው? በእጅ አይደለም፤ 60 ዲግሪም 80 ዲግሪም ለእጅ ያው «ያቃጥላል» ነው። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፣ ግን በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ብዙ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሳጥኑ ላይ ከዘይቱ ከፍታ በታች የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ በደብዛዛ ጥቁር ቀለም ቀቡና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ለኩ። የተሻለው ቴርሞኮፕል በዘይት መለኪያው ቀዳዳ አስገብቶ ዘይቱን ራሱን ማንበብ ነው፤ ሽቦው ጊሩን እንዳይነካ ብቻ። በየ15 ደቂቃው የዘይቱንም የአየሩንም ጻፉ፤ በግማሽ ሰዓት ከ1 ዲግሪ በታች መጨመር ሲጀምር ረግቷል ማለት ነው። ትንሽ ሳጥን እዚህ ለመድረስ 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጅበታል። የሚፈረደው በልዩነቱ ነው፤ ከአየሩ በላይ 45 ወይም 50 ከሆነ ጤነኛ፣ ከ60 ካለፈ መክፈት ያስፈልጋል። ዘይቱ ራሱ ከ90 በላይ እየዋለ ከሆነ አትጠብቁ፤ የተለመደው የጎማ ፓራኦሊዮም 100 አካባቢ ላይ መድረቅና መሰንጠቅ ይጀምራል።

ስትከፍቱት የዲናሞውን ፊውዝ አውጥታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ጥርሱን በጋዝ አጥባችሁ በባትሪ መብራት በአግድም አብሩበት። ከሥር ወደ ጫፍ የሚሮጡ ጭረቶች፣ በመካከላቸው ግን ፒች መስመሩ ላይ ያልተነካ ቀጭን የሚያበራ መስመር ካያችሁ፣ የብልጭታው ሙቀት የዘይቱን ሽፋን አሸንፎታል። ጭረቱ በጥርሱ አንድ ዳር ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የዘይት ሳይሆን የማጋደል ነው። ገለባ መሰል ቢጫ ቀለም ካለ ብረቱ ከ220 ዲግሪ በላይ አይቷል፤ ሰማያዊ ካለ 300 ደርሷል፤ ያ ጊር ለስላሳ ሆኗልና ይቀየር። ከፒች መስመሩ በታች የምስር ክክ የሚያህሉ ጉድጓዶች ከሆኑ ነገሩ የሙቀት ሳይሆን የተደጋገመ ጫና ድካም ነው። የተሰበረ ጥርስ ካለ ስብራቱ ከየት እንደጀመረ እዩ፤ ከአንድ ዳር ጥግ ከጀመረ ያው ማጋደል ነው።

ማጋደሉን የሚያረጋግጠው ቀለም ነው። የቱቦ ሰማያዊ ማርኪንግ፣ ከታጣም የዘይት ቀለም በጣም በስሱ፣ በፒኒየኑ ሦስት አራት ጥርሶች ላይ ቀቡ። ትልቁን ጊር አንድ ሰው በእጁ ትንሽ ያዝ እያደረገ ፒኒየኑን ደጋግማችሁ አዙሩ። ቀለሙ በትልቁ ጥርስ ላይ ከስፋቱ ሁለት ሦስተኛውን ከያዘ ጥሩ ነው። አንድ ዳር ላይ ከተሰበሰበ በቅደም ተከተል ኩሽኔታውን፣ የኩሽኔታውን ቤት፣ ከዚያ የሳጥኑን እግሮች ፈትሹ። እግሩን ለመፈተሽ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አላሉ፤ እግሩ ሲላላ 0.05 ሚሊ ሜትር ፊለር (ክፍተት መለኪያ ስስ ላሜራ) ከገባበት ሳጥኑ በብሎን ኃይል ተጣሞ ነበር ማለት ነው። ልኩን የያዘ ስስ ላሜራ ከሥሩ ማስገባት ብዙ ጊዜ የዘይት ለውጥ ያላመጣውን 10 እና 15 ዲግሪ ያወርዳል።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ነኝ። ቪጂ 220 የሚባለው ዘይት በ40 ዲግሪ 220 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ውፍረት አለው፤ በ75 ዲግሪ 42፣ በ95 ዲግሪ 22 ብቻ። 20 ዲግሪ ማውረድ ውፍረቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ከዚህ የተሻለ ዘይት ማንም አይሸጥላችሁም። በታኅሣሥ ማለዳ በ10 ዲግሪ ደግሞ ይኸው ዘይት 2000 ነው፤ 140ው ከዚያም ይብሳል፤ ጊሩ ዘይቱ ውስጥ ዋሻ ሠርቶ ለደቂቃዎች ደረቅ ይዞራል። ከፍታው ትልቁ ጊር ከአንድ እስከ ሁለት የጥርስ ቁመት የሚጠልቅበት ይሁን፣ በዚህ ጥንድ ከ9 እስከ 18 ሚሊ ሜትር። «ይሞቃልና ልሙላው» ብሎ እስከ አፉ መሙላት በመናጥ ብቻ ያፈላዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጥቀርሻ ይዞ ስለሚመጣ እንደ ሞረድ ነው። በክረምት ዘይቱ ወተት ከመሰለ ከሐይቁ ዳር እርጥበት በመተንፈሻው ገብቶ ጤዛ ሆኗል፤ ያፍስሱት እንጂ አያሙቁት።

መብራት ሲጠፋ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ኑግ ይጠጥራል። ተመልሶ ሲመጣ ዲናሞው በቀጥታ ከተነሣ ከመደበኛው ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ጉልበት በዚያ ጥርስ ላይ ይጥላል፤ የዳይናሚኩ ማባዣ በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት፣ መፍሰሻውን ማላላት፣ መጀመሪያ በርሜሉን አጽድቶ በባዶ ማስነሣት የኦፕሬተሩ ግዴታ ይሁን። መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሣ ኮንታክተር ከአንድ ፒኒየን ያነሰ ዋጋ ነው ያለው።

ጥገናው ሲያልቅ በባዶ ግማሽ ሰዓት፣ በግማሽ ጭነት 2 ሰዓት አሠሩትና ሙቀቱን እንደገና ጻፉ። የመጀመሪያው ዘይት የአዲሱን ጥርስ ብናኝ ይይዛልና ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይፈስ፤ ማግኔት አስገብታችሁ እዩት። እንደ ግራሶ የለሰለሰ ጥቁር ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚቆረቁር ቅንጣት ከተገኘ ቀለሙን እንደገና ቀቡ።